ለጂፒኤስ መቀበያ የሚቃኝ ፊልተር መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የኤሌክትሪካል ተማሪዎች፣ ቀያሾችና ሬዲዮ የሚወዱ ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰልፌዋለሁ።

የጂፒኤስ መቀበያ ፊልተር ለምን ያስፈልገዋል?

የሳተላይቱ ሲግናል በጣም ደካማ ስለሆነ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይት የሚዞረው ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ሲግናሉ መሬት ሲደርስ ጉልበቱ −128.5 ዲቢኤም አካባቢ ነው፤ ዲቢኤም የሬዲዮ ጉልበት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ሲግናሉ ይደክማል። 2 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለው መስኮት ውስጥ ያለው የሙቀት ጫጫታ ግን ብቻውን −111 ዲቢኤም ይሆናል። ሲግናሉ ከጫጫታው ከ50 ጊዜ በላይ ያንሳል ማለት ነው። መቀበያው ፈልጎ የሚያገኘው 1,023 ምልክቶች ያሉትን የሳተላይቱን ኮድ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው።

አሁን ከዚህ ሹክሹክታ አጠገብ አንድ የሞባይል ማማ አስቡ። ማማው ሥር ስትቆሙ አንቴናችሁ ላይ የሚያርፈው −30 ዲቢኤም ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ቢሊዮኖች እጥፍ ነው። ማማው በጂፒኤስ ፍሪኩዌንሲ ላይ አያሰራጭም፤ ነገር ግን ማጉያው ይህን አይለይም። ጩኸቱ ያጥለቀልቀዋል፣ ሹክሹክታውም አብሮ ይጠፋል። የፊልተር ሥራ ጩኸቱን ደጃፍ ላይ ማስቀረት ነው።

“የሚቃኝ” ሲባል ምን ማለት ነው?

የክራርን ነገር ለወሎ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ተጫዋቹ ከባቲ ወደ አምባሰል ሲሻገር ሌላ ክራር አያነሳም። አንዱን ክር ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል፤ ያው ክራር በሌላ ቅኝት ይዘፍናል። የሚቃኝ ፊልተርም እንዲሁ ነው። ሰሌዳው ያው፣ ኢንዳክተሩ (የሽቦ ጥቅሉ) ያው ነው። የሚለወጠው የካፓሲተሩ (የኤሌክትሪክ ሙላት የሚይዘው ዕቃ) መጠን ነው። ካፓሲተሩ ሲያድግ ፊልተሩ የሚያሳልፈው ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል፣ ሲያንስ ይወጣል።

ቋሚ ፊልተር ግን አንድ ድምፅ ብቻ እንደሚያወጣ ፉጨት ነው። ለአንድ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዱ መቀበያ ብዙ ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) እንዲሰማ ሲፈለግ ነው።

የትኞቹን ፍሪኩዌንሲዎች ማዳረስ አለብኝ?

ሁለት መንደሮች አሉ። የላይኛው ከ1559 እስከ 1610 ሜጋኸርዝ ነው። ኤል1 የሚባለው የጂፒኤስ ሲግናልና ኢ1 የሚባለው የአውሮፓው የጋሊሊዮ ሲግናል እዚህ 1575.42 ላይ ይገናኛሉ። የቻይናው የቤይዱ ቢ1አይ 1561.098 ላይ ነው። የሩሲያው የግሎናስ ኤል1 ደግሞ በ1602 ዙሪያ ነው፤ ሳተላይቶቹ በ0.5625 ሜጋኸርዝ እየተራራቁ ከ1598 እስከ 1605.4 ድረስ ይደረደራሉ።

የታችኛው መንደር ከ1164 እስከ 1300 ነው። ጂፒኤስ ኤል5 እና ጋሊሊዮ ኢ5ኤ 1176.45፣ ጋሊሊዮ ኢ5ቢ 1207.14፣ ጂፒኤስ ኤል2 1227.60፣ ቤይዱ ቢ3አይ 1268.52፣ ጋሊሊዮ ኢ6 1278.75 ላይ ናቸው። የጂፒኤስ ቁጥሮች ድንገት የመጡ አይደሉም። ሁሉም የ10.23 ሜጋኸርዝ ብዜት ናቸው፦ ኤል1 154 ጊዜ፣ ኤል2 120 ጊዜ፣ ኤል5 115 ጊዜ።

ብዙ ሳተላይት መስማት ለእኛ አገር ቅንጦት አይደለም። ደሴ ላይ ምዕራቡን ሰማይ ቶሳ ይዞታል። የሰማዩ ግማሽ በተራራ ሲሸፈን በጂፒኤስ ብቻ መመካት ያስቸግራል፤ የሌሎቹም ሳተላይቶች ይፈለጋሉ።

ሁሉንም የሚያሳልፍ አንድ ሰፊ ፊልተር ቢሆንስ? ደግሞስ ኤስዲአር (በሶፍትዌር የሚሠራ ሬዲዮ) ስላለኝ በሶፍትዌር አላጣራውም?

ከ1164 እስከ 1610 በሩን ከከፈታችሁ በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው ሁሉ ይገባል። ከ1300 በላይ ራዳሮች አሉ። ከ1525 እስከ 1559 የሳተላይት ስልኮች የሚሰሙበት ባንድ አለ፤ እሱ የኤል1 የቅርብ ጎረቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ 2011 ላይ በዚሁ ጎረቤት ባንድ መሬት ላይ የተተከሉ ማማዎች ያሰራጩ ሲባል የጂፒኤስ ተጠቃሚዎች ያነሱት ክርክር ዓመታት ፈጅቷል። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ መቀበያዎች በራቸውን ከሚገባው በላይ ከፍተው መሠራታቸው ነበር።

ሶፍትዌር ማጣራት ጥሩ ነው፣ ግን የሚጀምረው ሲግናሉ ወደ ቁጥር ከተቀየረ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ያለን ርካሹ አርቲኤል ኤስዲአር 8 ቢት ብቻ ነው ያለው። በትልቁና በትንሹ ሲግናል መካከል በግምት 48 ዴሲቤል ያህል ልዩነት ነው መያዝ የሚችለው፤ ዴሲቤል ጉልበት የሚነጻጸርበት መለኪያ ነው፣ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ ማለት ነው። ጠንካራው ጎረቤት ያንን ቦታ ከሞላው ለሳተላይቱ የሚተርፍ የለም። አንዴ የተጨናነቀ ማጉያ ያበላሸውን ምንም ኮድ አይመልሰውም።

በምን ይቃኛል? የቱን ልምረጥ?

በሰፊው የሚታወቀው ቫራክተር ዳዮድ ነው። በተቃራኒ ቮልቴጅ ሲሰጠው እንደ ካፓሲተር ይሠራል፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ካፓሲታንሱ ይቀንሳል። ርካሽ ነው፣ ቅኝቱ ያለ ደረጃ ለስለስ ብሎ ይሄዳል። ሌላው ዲጂታል ተቃኚ ካፓሲተር ነው። በውስጡ ትንንሽ ካፓሲተሮችና ማብሪያዎች አሉት፣ ከማይክሮኮንትሮለር ቁጥር ተልኮለት በደረጃ ይቀያየራል። ቅኝቱ እንደ ቫራክተር የለሰለሰ አይደለም፣ ለጠንካራ ሲግናል ግን የተሻለ ይቋቋማል። በፒን ዳዮድ (እንደ ማብሪያ በሚያገለግል ዳዮድ) ቋሚ ካፓሲተሮችን ማስገባትና ማውጣትም ይቻላል። ሬዞናንሱን በማግኔት የሚቃኙ የይግ ፊልተሮች ድንቅ ናቸው፣ ግን ለላብራቶሪ እንጂ በባትሪ ለሚሠራ መቀበያ አይሆኑም፤ ኤሌክትሪክ ይበላሉ።

ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚጠይቁኝን ሁሉ መጀመሪያ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ስንት ባንድ ነው የምትፈልጉት? ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ሁለትና ሦስት ቋሚ ሶው ፊልተር (ሲግናሉን ወደ ድምፅ መሰል ሞገድ ቀይሮ የሚያጣራ) አስቀምጦ በማብሪያ መቀያየር ይሻላል። ሶው ፊልተር ከወረቀት ላይ ነጥብ የማይበልጥ ዕቃ ነው፣ ዳሩ እንደ ገደል ቀጥ ያለ ነው። በኤልሲ (በኢንዳክተርና በካፓሲተር) ያን ዓይነት ዳር ማምጣት ከባድ ነው። እውነተኛ የሚቃኝ ፊልተር ዋጋ የሚያወጣው ባንዱ ሲበዛ፣ ወይም የሚረብሻችሁ ነገር ቦታውን ሲቀያይር፣ ወይም የትኛውን ሲግናል እንደምትሰሙ ገና ሳታውቁ ስትቀሩ ነው። ይህን ሳያስቡ “የሚቃኝ” የሚለው ቃል ስላማረ ብቻ መግባት ብዙ ተማሪ አድክሟል።

ስሌቱን በቁጥር ሊያሳዩን ይችላሉ?

ይቻላል፣ አብሽሩ፣ ቀመሩ የምታውቁት ነው። የኢንዳክተሩንና የካፓሲተሩን ብዜት ስኩዌር ሩት በ2 ፓይ አባዙት፤ አንድን ለዚያ ስታካፍሉ ፍሪኩዌንሲው ይመጣል። 2 ናኖሄንሪ ኢንዳክተር እንያዝ። ለኤል1 የሚያስፈልገው 5.10 ፒኮፋራድ ነው። ለኤል2 8.40 ይሆናል። ለኤል5 9.15 ይሆናል። ስለዚህ ካፓሲተሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ 1.79 ጊዜ ማደግ አለበት። ይሄ ቁጥር የ154 እና የ115 ንጽጽር ስኩዌር ነው፤ ኢንዳክተሩን ብትቀይሩትም አይለወጥም።

1.79 ትንሽ ይመስላል። ቫራክተሮች ከዚያ በላይ ይዘረጋሉ። ነገር ግን ሰሌዳው ራሱ የማይቃኝ ካፓሲታንስ አለው። ግማሽ ፒኮፋራድ ቢሆን እንኳ ዳዮዱ ከ4.60 እስከ 8.65 መሄድ ይጠበቅበታል፤ ንጽጽሩ 1.88 ደረሰ። የማያዩትን ካፓሲታንስ መጀመሪያ ላይ ያልቆጠረ ሰው መጨረሻ ላይ ኤል1 ላይ መድረስ ያቅተዋል። ሁሌም የሚያጥረው ላይኛው ጫፍ ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈራው ይህ ነው። ካፓሲተሩ በ1 በመቶ ሲሳሳት ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በመቶ ይሳሳታል። ከ5.10 ላይ 1 በመቶ 0.05 ፒኮፋራድ ነው። በዚህች ብቻ ፊልተሩ 8 ሜጋኸርዝ ገደማ ይዘምማል። የጣት ጥላ ሲያርፍበት የሚንቀሳቀስ ዕቃ ነው የምትሠሩት።

ፊልተሩን በጣም ጠባብ ባደርገው ጎረቤቱን ሁሉ አልገላገልም?

ጠባብነት በኪሳራ ይገዛል። ሬዞናተሩ፣ ማለትም ኢንዳክተሩና ካፓሲተሩ አንድ ላይ፣ የራሱ ጥራት አለው፣ ኪው እንለዋለን። ፊልተሩ እንዲሆን የምትፈልጉት ጥበትም የራሱ ኪው አለው፦ መካከለኛው ፍሪኩዌንሲ ሲካፈል ለስፋቱ። ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው በተጠጋ ቁጥር ሲግናሉ ውስጡ ይበላል።

ኤል1 ላይ 79 ሜጋኸርዝ ስፋት ብትመርጡ የፊልተሩ ኪው 20 ይሆናል። የሬዞናተሩ ኪው 200 ከሆነ የምታጡት 0.9 ዴሲቤል ነው። 100 ከሆነ 1.9 ነው። 50 ከሆነ 4.4 ይደርሳል። አሁን ስፋቱን ወደ 20 ሜጋኸርዝ እናጥብበው፦ ኪው 100 ያለው ሬዞናተር ከ13 ዴሲቤል በላይ ይበላችኋል። ትንንሽ ኢንዳክተሮችና ቫራክተሮች አንድ ላይ ሆነው ከ100 በላይ ኪው ማምጣት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በኤልሲ የሚቃኝ ፊልተር በተፈጥሮው ሰፋ ያለ ነው። ራቅ ያለውን ማማ ያስቀራል፣ 1,550 ላይ ያለውን ጎረቤት ግን አይችለውም። ይህን ስታውቁ ነው ጠባቡን ሥራ ለሶው ፊልተር የምትሰጡት።

ብሬድቦርድ (ዕቃ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ መሞከር ይቻላል?

አይቻልም። በዚህ ፍሪኩዌንሲ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ወደ 1 ናኖሄንሪ ይጠጋል። የእኛ ኢንዳክተር በጠቅላላው 2 ናኖሄንሪ ነው። ብሬድቦርዱ ላይ የሰካችሁት የካፓሲተር እግር 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከኢንዳክተሩ በላይ ኢንዳክተር ሆኗል ማለት ነው።

መጀመሪያ የሠራሁትን አስታውሳለሁ። ካፓሲተሩን ሁለቱንም እግሮቹን ሳልቆርጥ በየድኩት፣ ሲለካ ፊልተሩ 900 አካባቢ ተገኘ። ሁለት ቀን ስሌቱን ስፈትሽ ቆየሁ። ስሌቱ ትክክል ነበር። እግሮቹን በመቁረጫ አሳጥሬ ሰሌዳው ላይ አስተኝቼ ስበይደው ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ ወደ ላይ ወጣ። ከታች ሙሉ የመዳብ ገጽ ያለው ሰሌዳ፣ እግር የሌላቸው ትንንሽ ዕቃዎች፣ ወደ መሬት የሚወርዱ ብዙ አጫጭር ቀዳዳዎች፤ ሌላ መንገድ የለም።

ውድ መሣሪያ ሳይኖረኝ እንዴት ልለካው?

ናኖቪኤንኤ፣ ፊልተር የትኛውን ፍሪኩዌንሲ እንደሚያሳልፍ የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ፣ ብዙ ሰው እጅ ገብቷል። ስትገዙ ወይም ስትዋሱ ጠይቁ፦ የመጀመሪያዎቹ እስከ 900 ሜጋኸርዝ የተሠሩ ናቸው፤ ተዘርግተውም እስከ 1500 ነው የሚደርሱት። ኤል5 እና ኤል2ን ያሳያሉ፣ ኤል1ን ግን አይደርሱበትም። ቪ2 የሚባለው እስከ 3000 ይሄዳል። ከመለካታችሁ በፊት ማስተካከያውን በኬብሉ ጫፍ ላይ አድርጉ፣ በመሣሪያው በር ላይ አይደለም። የኬብሉ ርዝመት ካልተቀነሰ የምታዩት የኬብሉን ጠባይ ነው።

እሱም ከሌለ መቀበያው ራሱ መለኪያ ነው። ማንኛውም የጂፒኤስ ሞጁል ለየሳተላይቱ የሲግናል ጥንካሬ ቁጥር ይሰጣል። ክፍት ሜዳ ላይ ከ40 በላይ፣ ጥሩ ሲሆን 45 እና ከዚያም በላይ ያሳያል። ሐይቅ ዳር ወይም ሌላ ሰማዩ ገላጣ የሆነ ቦታ ያለ ፊልተር አሥር ደቂቃ መዝግቡ። ከፊልተሩ ጋር እንደገና መዝግቡ። የቁጥሩ ልዩነት ፊልተሩ የወሰደባችሁ ነው። ከዚያ ማማ ወዳለበት ከተማ ገብታችሁ ያንኑ ድገሙ። እዚያ ቁጥሩ ከፊልተሩ ጋር ከተሻለ ፊልተሩ እንጀራውን በልቷል።

ፊልተሩ ከማጉያው በፊት ይግባ ወይስ በኋላ?

ብዙ ክርክር የሰማሁበት ጥያቄ ነው፣ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። በቁጥር እንየው። ማጉያችን የራሱ ጫጫታ 0.8 ዴሲቤል፣ ማጉላቱ 20 ዴሲቤል ይሁን። ከኋላው ያለው መቀበያ 8 ዴሲቤል ጫጫታ ይኑረው። ፊልተራችን 4.4 ዴሲቤል የሚበላ ይሁን። ፊልተሩ ከፊት ከሆነ የሥርዓቱ ጠቅላላ ጫጫታ 5.4 ዴሲቤል ይመጣል። ከማጉያው በኋላ ከሆነ 1.4 ብቻ ነው። ከማጉያው በፊት የጠፋ ዴሲቤል ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። በኋላ የጠፋው ግን በማጉላቱ ስለሚካፈል አይሰማም። የ4 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ከሲግናላችሁ 40 በመቶው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ዛፍ ሥር ወይም ከቶሳ ግርጌ ያለ ሰው ይህን አይችለውም።

በሌላ በኩል ከፊት ምንም ከሌለ ማጉያው ለማማው ተጋልጧል። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ከፊት ኪሳራው ከ1 ዴሲቤል የማይበልጥ ሰፋ ያለ ቋሚ ፊልተር፣ ቀጥሎ ማጉያ፣ ከእሱ በኋላ የሚቃኘው። የሚቃኘውን አንደኛ ማስቀመጥ የማየው ማማ ሥር ለሚተከል መቀበያ ብቻ ነው፤ እዚያ 4 ዴሲቤል ከማጣት መስማት አለመቻል ይብሳል። ያኔም ቫራክተሩ ራሱ እንዳይረበሽ ከታች የምለውን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ኮምቦልቻ ላይ ቃኝቼው ደሴ ስወጣ ለምን ይዛነፋል?

በብርድ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። መካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ የአየሩ ልዩነት ግን ጃኬት ያስደርባል። አንድ የኅዳር ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ በ28 ዲግሪ ፊልተሬን ልክ 1,575 ላይ አስቀመጥኩት። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወጥቼ ደሴ አደርኩ። ንጋት ላይ በረንዳው ላይ ለካሁት፤ 8 ዲግሪ ነበር። የፊልተሩ መካከል 1,581 አካባቢ ሄዷል። ማንም አልነካውም፣ ቮልቴጁም አልተለወጠም።

ምክንያቱ ቫራክተሩ ነው። ካፓሲታንሱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 400 ያህል ቢለወጥ በ20 ዲግሪ 0.8 በመቶ ይሆናል። የዚያ ግማሽ 0.4 በመቶ ነው፤ ከ1,575 ላይ 6.3 ሜጋኸርዝ ማለት ነው። ሲበርድ ካፓሲታንሱ ያንሳል፣ ፍሪኩዌንሲው ይወጣል። ያየሁትም ይህንኑ ነው። ክራርም ከሙቅ ቤት ወደ ብርድ ሲወጣ ቅኝቱ ይፈታል፣ ባለሙያው ሳይጫወት በፊት ክሩን መታ መታ አድርጎ የሚሰማው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛ፣ የካፓሲታንሱን ትልቅ ድርሻ ሙቀት ለማይነካው ቋሚ ካፓሲተር ስጡት፣ ለቫራክተሩ የሚቀያየረውን ብቻ ተዉለት። ሁለተኛ፣ የሙቀት ሴንሰር ጨምራችሁ ለየዲግሪው የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ ሠንጠረዥ አድርጋችሁ ማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ አስቀምጡ። እኔ ይህን መርጬ አልቆጨኝም። ሠንጠረዡን ለመሥራት ውድ የሙቀት ክፍል አላስፈለገኝም። ንጋት ላይ ደሴ፣ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ፣ ከሰዓት ባቲ፤ ሦስት ቦታ ለካሁ፣ በመካከላቸው መስመር አሰመርኩ። የቮልቴጁ ንጽሕናም አይረሳ። ቮልቴጁ ላይ ያለ መንቀጥቀጥ ሁሉ ቅኝቱን ያንቀጠቅጠዋል።

ፊልተር የቦታ ልኬቴን ያበላሻል?

በፊልተር ውስጥ የሚያልፍ ሲግናል ይዘገያል። በብርሃን ፍጥነት 1 ናኖሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ኪው 20 ያለው አንድ ሬዞናተር መካከሉ ላይ 4 ናኖሰከንድ ያዘገያል፣ 1.2 ሜትር ነው። ነገር ግን አትደንግጡ። ያው መዘግየት በሁሉም ሳተላይት ላይ እኩል ከወደቀ መቀበያው ከሰዓቱ ስህተት ጋር ይቀላቅለዋል፤ ቦታችሁ አይነካም።

የሚጎዳው እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው። ፊልተሩ በ8 ሜጋኸርዝ ቢዛነፍ ያ መዘግየት በ0.16 ናኖሰከንድ ገደማ ይቀየራል፣ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር። ኤል1ና ኤል2ን አጣምሮ የላይኛው አየር ንብርብር (አዮኖስፌር) የሚያመጣውን ስህተት የሚያጠፋ መቀበያ ደግሞ የኤል1ን ልኬት በ2.546 ያባዛዋል። 5 ሴንቲ ሜትሯ ከ12 በላይ ሆነች። ይህ በሁሉም ሳተላይት ላይ እኩል ካልወደቀ፣ የእርሻ ድንበር ለሚቀይስ ሰው 12 ሴንቲ ሜትር የጎረቤት ጠብ ናት። ግሎናስ ላይ ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሳተላይቶቹ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ስለሚያሰራጩ እያንዳንዱ በራሱ መጠን ይዘገያል። ስለዚህ ለቅየሳ የሚሆን መቀበያ ላይ ልኬት እየተወሰደ ቅኝት አይነካም። ቃኙ፣ ጠብቁ፣ ከዚያ ለኩ። ቤዙም (ቋሚ ቦታ የተተከለው መቀበያ) ሮቨሩም (ይዛችሁት የምትዞሩት) አንድ ዓይነት ከሆኑ አብዛኛው ልዩነት እርስ በርሱ ይሰራረዛል።

አንዳንዶች ማማ አጠገብ የሚቃኘው ፊልተር ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል የሚሉት ለምንድን ነው?

ቫራክተር ራሱ ዳዮድ ስለሆነ ነው። የሚቃኘው በቮልቴጅ ነው። ጠንካራ ሲግናል ደግሞ ራሱ ቮልቴጅ ነው። ማማው ሲጮህ ቅኝቱን በራሱ ጩኸት ያወዛውዘዋል። በዚህ ጊዜ ሁለት ጠንካራ ሲግናሎች ተቀላቅለው ሦስተኛ ይወልዳሉ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1800 ባንድ ስልክ ወደ ማማ የሚልከው ከ1710 እስከ 1785 ነው፣ ማማው የሚመልሰው ከ1805 እስከ 1880 ነው። ኪሳችሁ ያለው ስልክ 1720 ላይ ቢልክ፣ ማማው 1864.58 ላይ ቢያሰራጭ፣ የመጀመሪያው እጥፍ ሲቀነስ ሁለተኛው ስንት ነው? 1575.42። ልክ ኤል1 ላይ። ማንም እዚያ አላሰራጨም፤ የወለደው የእናንተ ፊልተር ነው። ከዚህ በኋላ የሚያስወግደው ፊልተር የለም።

መፍትሔው ሁለት ቫራክተሮችን ጀርባ ለጀርባ ማገናኘት ነው። አንዱ ሲያድግ ሌላው ያንሳል፣ ውዝዋዜው ይቻቻላል። የቅኝቱን ቮልቴጅም ከፍ አድርጉት። በ1 ቮልት የሚሠራ ቫራክተር በቀላሉ ይረበሻል፣ በ10 ቮልት የሚሠራው ይጸናል። ከዚያም በላይ ከሆነ ወደ ዲጂታል ካፓሲተር ተሻገሩ።

ፊልተር ጃመርን (ሆን ብሎ ሲግናል የሚያፍን መሣሪያን) ያቆማል?

ጃመሩ በራሱ በኤል1 ላይ ከሆነ አያቆምም። ፊልተር የሚለየው በፍሪኩዌንሲ ነው፣ ወዳጅና ጠላት በአንድ በር ከገቡ አይለያቸውም። ጃመሩ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ ከሆነ እሱን ነጥሎ የሚቆርጥ ተቃኚ ኖች ፊልተር ይረዳል። በፍጥነት እየተወዛወዘ ባንዱን የሚጠርግ ከሆነ ግን ነገሩ የአንቴና ሥራ ይሆናል።

በባንዱ ውስጥ የሚገባ ጠላት ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ደግሞ እንዳይመስላችሁ። ኢተርኔት ያላቸው ሰሌዳዎች ላይ የሚገኘውን 25 ሜጋኸርዝ ክሪስታል በ63 አባዙት፤ 1575 ነው። ከኤል1 በ0.42 ሜጋኸርዝ ብቻ ይርቃል። አንድ ተማሪ ለሳምንታት ፊልተሩን ሲወቅስ ቆይቶ የረበሸው ከአንቴናው ሥር ያስቀመጠው የኮምፒውተር ሰሌዳ ሆኖ ተገኘ። ሰሌዳውን በቆርቆሮ ሣጥን ስንከድነው ሳተላይቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። 787.71 ላይ የሚያሰራጭ ነገርም እጥፉ 1575.42 ነው። እጥፉን ማስቀረት ያለበት ላኪው እንጂ ተቀባዩ አይደለም።

ከመሸ በኋላ ሁሉም ሳተላይት ይንቀጠቀጣል። ፊልተሩን እንዴት ላስተካክለው?

አትንኩት። ጥፋቱ የእሱ ላይሆን ይችላል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከእኛ በላይ ያለው አዮኖስፌር ይረበሻል፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም ወራት። ሲግናሉ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል። ወሎ ውስጥ ማታ የሚለካ ቀያሽ ይህን በዓይኑ ያየዋል።

ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። የፊልተር መዛነፍ ከሆነ በዚያ ባንድ ያሉ ሳተላይቶች ሁሉ እኩል ይደክማሉ፣ ቀስ ብሎም ነው የሚመጣው። አዮኖስፌሩ ከሆነ አንዳንዶቹ ይወዛወዛሉ፣ ሌላ አቅጣጫ ያሉት ደህና ናቸው። ኤል5 ከኤል1 ይልቅ ይጎዳል፤ አዮኖስፌሩ የሚያመጣው መዘግየት እዚያ 1.79 ጊዜ ይበልጣል። ያቺ 1.79 ቅድም ካፓሲተሩን ስናሰላ ያገኘናት ናት፤ ሁለቱም ከፍሪኩዌንሲው ስኩዌር በተቃራኒ ስለሚሄዱ ነው። እኔ እንዲህ ሲሆን ሥራውን አቁሜ ለንጋት አቆየዋለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደሴ ሰማዩ ጸጥ ይላል፤ ብርዱን የሚችል ልብስና ለ8 ዲግሪ የተሠራውን ሠንጠረዥ መያዝ ብቻ ነው።